ቁመቱ አጠር ያለ ፓስ ረሸር ኤንኤፍኤል ውስጥ ይሳካለታል ወይ?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እሑድ እሑድ የአሜሪካ ፉትቦል የምታዩ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ስለዚህ የሚከነክነኝን ጥያቄ እዚሁ ላንሳው። ቁመቱ አጠር፣ ክብደቱ ቀለል ያለ ፓስ ረሸር በአሜሪካ ፉትቦል ሊግ፣ በኤንኤፍኤል ውስጥ ይሳካለታል ወይ?

ጨዋታውን በቅርብ ለጀመራችሁ ባጭሩ ላስረዳ። ፓስ ረሸር ኳርተርባኩ (ኳስ ወርዋሪው) ኳሱን ሳይወረውር ደርሶ የሚጥል ተከላካይ ነው። ከጣለው አንድ ሳክ ይቆጠርለታል። ሁለት ሆነው ከጣሉት ግማሽ ግማሽ ይካፈላሉ። ለዚህ ያለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሦስት ሰከንድ እንኳ አይሞላም። መንገድ የሚዘጋበት ታክል ደግሞ 1 ሜትር ከ95 ገደማ ቁመትና 140 ኪሎ አካባቢ ክብደት ያለው ግዙፍ ሰው ነው። ስለዚህ በድራፍት ሰሞን፣ ማለትም አዳዲስ ተጫዋቾች በተራ በሚመረጡበት ጊዜ፣ ቡድኖች ሜትርና ሚዛን ያበዛሉ። አጠር ያለውን ልጅ ያልፉታል።

እኔ ይሳካለታል ባይ ነኝ። ለዚህም ድዋይት ፍሪኒን እጠራለሁ። በ2002 ኢንዲያናፖሊስ ኮልትስ ከሲራኪዩስ ዩኒቨርሲቲ በ11ኛ ተራ መረጠው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ85፣ ክብደቱ 121 ኪሎ ገደማ ነበር። ለዚያ ቦታ ያንሳል ተብሎ ቡድኑ ተተቸ። ልጁ በመጀመሪያ ዓመቱ 13 ሳክ አገኘ። የተጫዋችነት ዘመኑን በ125.5 ሳክ ጨረሰ። በ2024 ደግሞ ካንተን፣ ኦሃዮ ያለው የዝና አዳራሽ ገባ። ኮልትስ በ2003 ከእሱም የቀለለ ልጅ በአምስተኛው ዙር አመጣ። ሮበርት ማቲስ ይባላል፤ 111 ኪሎ አካባቢ ነበር። እሱም 123 ሳክ አለው። በ2013 ብቻ 19.5 አግኝቶ ሊጉን መርቷል።

የኔ ክርክር ይህ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ልጅ የሚጥለው ቁመቱ አይደለም። የማይሆነው ሥራ ሲሰጠው ነው የሚወድቀው። እስቲ ሐሳባችሁን አካፍሉኝ።

ክሩ ከጠበቅሁት በላይ ረዘመ። ሁሉን ለማንበብ ጊዜ ለሌላችሁ፣ የተባለውን በየቁጥሩ ልተርክላችሁ። የራሴንም አስተያየት መሃል መሃል ላይ እጥላለሁ።

መልስ 1

የመጀመሪያው ከዴንቨር አካባቢ የሚጽፍ ወንድም ነው። በአክብሮት ጀምሮ ከእኔ ጋር ተስማማ። ፍሪኒን ትቼ ኤልቪስ ዱመርቪልን ማንሳት ነበረብህ አለኝ። እውነቱን ነው። ዱመርቪል 1 ሜትር ከ80 ብቻ ነው። ወላጆቹ ከሃይቲ የመጡ የማያሚ ልጅ ነው። በ2005 ለሉዊቪል ዩኒቨርሲቲ ሲጫወት 20 ሳክ አገኘ። ያም ሆኖ በድራፍቱ እስከ አራተኛው ዙር፣ እስከ 126ኛ ተራ ድረስ የሚወስደው ጠፋ። በ2009 ለዴንቨር ብሮንኮስ 17 ሳክ አስመዝግቦ የሊጉ አንደኛ ሆነ። ጸሐፊው በዚያ ዓመት ጨዋታዎቹን ስታዲየም ገብቶ ያይ ነበር። ልጁ ከታክሉ ብብት ሥር ሲያልፍ ከላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ለጥቂት ጊዜ ይጠፋ ነበር ብሎ ተረከ።

መልስ 2

ይኼኛው የመለኪያ ሰው ነው። ቁመትን ብቻ መቁጠር ትክክል እንዳልሆነ አስረዳ። ዱመርቪል ቁመቱ አጭር ቢሆንም ክንዱ ለቁመቱ ረጅም ነው። በዚህ ሥራ ደግሞ የሚቆጠረው ቀድሞ የተቃራኒው ደረት ላይ የሚያርፈው እጅ ነው። ታክሉ ቀድሞ ከያዘህ አለቀልህ። አንተ ቀድመህ ከገፋኸው ሚዛኑ ይጠፋበታል። ስለዚህ ቁመቱም ክንዱም አጭር ለሆነ ልጅ ነገሩ በእጅጉ ይከብዳል አለ። ጥሩ እርማት ነው፤ እኔም ከዚህ በኋላ ይዤው ቀጠልኩ።

መልስ 3

ቨርጂኒያ ውስጥ ሃይስኩል እያለ የተጫወተ ልጅ፣ አጭር መሆን እንዲያውም ጥቅም ያለው እንዴት እንደሆነ አብራራ። ኩንታል የሚያነሳ ሰው ከላይ ሆኖ አይጎትተውም፤ ጎንበስ ብሎ ከሥሩ ይገባል። እዚህም ዝቅ ያለው ነው የሚገፋው። ረጅሙ ታክል ወደ አጭሩ ለመድረስ ከወገቡ ይጎብጣል። ከወገቡ ሲጎብጥ የእግሩ ጉልበት ይቀራል።

ከዚያ ዘዴዎቹን ዘረዘረ። አንደኛው ኳሱ በተነሳበት ቅጽበት ፈንድቶ መውጣት ነው። ሁለተኛው ትከሻን ዝቅ አድርጎ ጥጉን ማጠፍ ነው። እዚህ ላይ ቁርጭምጭሚቱ ካልታጠፈ ፍጥነቱ ብቻ አያዋጣም፤ ኳርተርባኩን አልፎ ይሄዳል። ሦስተኛው የፍሪኒ መለያ የነበረው ሽክርክሪት ነው። ፍሪኒ ወደ ውጭ ሲሮጥ ታክሉ ፈርቶ ወደ ኋላና ወደ ውጭ ይሸሻል። ክብደቱ በአንድ እግሩ ላይ ሲወድቅ ፍሪኒ በዚያው ቅጽበት ወደ ውስጥ ይሽከረከራል። ታክሉ መመለሻ የለውም። በቪዲዮ በዝግታ ብታዩት የሰውየው እግር እንዴት እንደሚተሳሰር ይገባችኋል።

መልስ 4

የጸሐፊዋ መልስ አጭር ነው። ጄምስ ሃሪሰንን ረሳችሁት አለች። 1 ሜትር ከ83 ገደማ ነው። በ2002 በድራፍት ማንም አልመረጠውም። ፒትስበርግ ደጋግሞ አሰናብቶታል። በ2008 ግን 16 ሳክ አግኝቶ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ተባለ። ሳይመረጥ ገብቶ ይህን ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው ሰው ነው። በዚያው የውድድር ዘመን የሊጉ ፍጻሜ በሆነው ሱፐር ቦውል ላይ ኳስ ቀምቶ 100 ያርድ ሮጦ አስቆጠረ።

መልስ 5

ድምፁ እዚህ ላይ ተቀየረ። ይኼ ወንድም በቀጥታ ወደ እኔ መጣ። የተሳካላቸውን ብቻ እየለቀምክ ነው አለኝ። የወደቁትን ማን ይቆጥርልሃል ብሎ ጠየቀ። የሳክ ሰንጠረዡን አናት እንድመለከት ነገረኝ። ብሩስ ስሚዝ 200፣ ሬጂ ዋይት 198። ሬጂ ዋይት 1 ሜትር ከ95፣ 136 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ሰው ነበር። ቀጥሎ ቪክ ቢዝሊን አመጣ። አትላንታ በ2015 በ8ኛ ተራ የመረጠው ቀላል ልጅ ነው። በ2016 ሊጉን በ15.5 ሳክ መራ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት ዓመታት አምስት አምስት ብቻ አገኘ። ታክሎቹ ፍጥነቱን ሲለምዱት ሌላ መሣሪያ አልነበረውም አለ። አነጋገሩ ሸካራ ነው። ነገር ግን ክሩ ላይ ከተነሱት ተቃውሞዎች ሁሉ ይህን ከባዱ አድርጌ ነው የማየው።

መልስ 6 እና 7

6ኛው ለ5ኛው መልስ ሰጠ። አሮን ዶናልድን ጠራ። 1 ሜትር ከ85፣ ሦስት ጊዜ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ፣ በ2018 ብቻ 20.5 ሳክ። ጆን ራንድልንም ጨመረ። በ1990 ማንም ሳይመርጠው ወደ ሚኔሶታ ቫይኪንግስ ገብቶ 137.5 ሳክ ያገኘ ሰው ነው። ራንድል ክብደቱ እንዲሞላለት ልብሱ ሥር ሰንሰለት ደብቆ ሚዛን ላይ እንደወጣ ይነገራል።

7ኛው ወዲያው አረመው። ሁለቱም የተጫወቱት ከመስመሩ ጫፍ ሳይሆን ከመሃል ነው። ዶናልድ 127 ኪሎ ነው። ጫፍ ላይ ቢሆን ትንሽ የሚለው አይኖርም ነበር። መሃል ላይ ሆኖ ነው ያነሰው። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ላይ መደመር አይቻልም አለ። ልክ ነው። መጠን የሚለካው ከቦታው ጋር ነው፤ በኪሎ ብቻ አይደለም።

መልስ 8 እና 9

ሁለት ሰዎች ማን ጨዋታውን ያውቃል በሚል ተከራከሩ። ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅም ነገር ስለሌለው አልፈዋለሁ።

መልስ 10

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ከሁሉም የበለጠውን ቁም ነገር ያመጣው ይህ መልስ ነው። ጸሐፊው የኮልትስ ደጋፊ ነው። የምታወድሷቸው ልጆች ቡድኑን ምን እንዳስከፈሉት እኔ ልንገራችሁ ብሎ ጀመረ።

የ2006ን ውድድር አስታወሰን። የኮልትስ ተከላካይ መስመር በጠቅላላ ቀላል ነበር። የተገነባው ኳርተርባክ ለማሳደድ ነው። የቡድኑ ኳርተርባክ ፔይተን ማኒንግ ቶሎ ቶሎ ያስቆጥራል። ተቃራኒው ወደ ኋላ ስለሚቀር ለመድረስ ኳስ መወርወር ይገደዳል። ያኔ ፍሪኒና ማቲስ ይለቀቃሉ። የቤታቸው ሜዳም ጣሪያ ያለው ሰው ሠራሽ ሣር ነው፤ ለፈጣን ሰው ይመቻል። በደጋፊው ጩኸት የተነሳ ታክሉ የኳሱን መነሻ መስማት ያቅተዋል። ሁሉ ነገር ለሁለቱ ልጆች የተሰናዳ ነበር።

ግን ተቃራኒዎች መላ አገኙ። ኳሱን ከመወርወር ይልቅ ይዘው መሮጥ ጀመሩ። በቀጥታ ወደ ቀላሎቹ ልጆች። በዚያ ዓመት ተቃራኒዎች ኮልትስ ላይ በአንድ ጨዋታ በአማካይ 173 ያርድ በሩጫ ያስመዘገቡበት ነበር። ከ32 ቡድኖች የመጨረሻው። ታኅሣሥ ላይ ጃክሰንቪል ጃጓርስ በአንድ ጨዋታ ብቻ 375 ያርድ ሮጡባቸው። ጸሐፊው ያንን ጨዋታ ከወንድሙ ጋር ሲያይ ወንድሙ ከእረፍት በፊት ተነስቶ እንደሄደ ጻፈ። ሳክ ያምራል፤ ነገር ግን ኳሱ ሳይወረወር ሳክ ከየት ይመጣል ብሎ ዘጋ።

እኔ ይህን መልስ ደጋግሜ አነበብኩት። ክርክሬን ያጠራልኝ እንጂ ያፈረሰው አልመሰለኝም። ለትንሽ ልጅ ሥራ መስጠት ማለት ሌላው ቡድን በሙሉ ያንን ሥራ እንዲያገኝለት ማድረግ ነው። ቡድኑ ካልመራ፣ መሃሉ ካልጠነከረ፣ ልጁ ብቻውን ሩጫ ሲገፈትረው ይውላል።

መልስ 11

10ኛው ታሪኩን ግማሽ መንገድ ላይ አቆመው ብሎ አንድ ሰው ተነሳ። ያው ኮልትስ በጥሎ ማለፉ ካንሳስ ሲቲን ገጠመ። ካንሳስ ሲቲ ላሪ ጆንሰን የሚባል ኃይለኛ ሯጭ ነበራቸው። ሁሉም ሰው ኮልትስ ይረገጣሉ ብሎ ጠበቀ። ጆንሰን 32 ያርድ ብቻ አገኘ። ከዚያ የካቲት 4 ቀን 2007 ቺካጎ ቤርስን 29 ለ 17 አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ። ለለውጡ ምክንያቱ ከጉዳት የተመለሰው ቦብ ሳንደርስ ነው አለ። ሳንደርስ የኋላ ተከላካይ ሲሆን ቁመቱ 1 ሜትር ከ73 ብቻ ነው። በ2007 የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ተብሏል። በትንንሽ ሰዎች የተጎዳውን መከላከያ ከሁሉም ያነሰው ሰው መጥቶ አዳነው በማለት ደስ ብሎት ጻፈ። እኔንም ደስ አለኝ።

መልስ 12

ሳንደርስ ብቻውን አላዳነውም የሚል እርማት መጣ። ኮልትስ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ከታምፓ ቤይ ቡገር ማክፋርላንድን አምጥተው ነበር። መሃል ላይ የሚቆም፣ 136 ኪሎ አካባቢ የሚመዝን ሰው ነው። እሱ መሃሉን ሲይዝ ጫፍ ላይ ያሉት ልጆች ተነፈሱ። በዚህ እርማት ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ትንሹ ጫፍ ላይ እንዲሮጥ ትልቁ መሃል ላይ መቆም አለበት።

መልስ 13 እና 14

13ኛው የ10ኛውን ጸሐፊ የሐሰት ደጋፊ ብሎ ሰደበው። 14ኛው የእኔ ነው። ሰው በቡድኑ ላይ ማዘኑ ደጋፊነቱን አይሽርም አልኩ። ሐሳብን መምታት ይቻላል፤ ሰውን መስደብ ግን በዚህ ቤት አይሆንም ብዬ ለመንኩ። 13ኛው ጽሑፉን አነሳ።

መልስ 15

ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አንዲት እናት ጻፉ። ልጃቸው 16 ዓመቱ ነው። ትምህርት ቤቱ ውስጥ በዚሁ ቦታ ይጫወታል። አሰልጣኙ ትንሽ ነህ፣ ክብደት ጨምር እያለው ልጁ በግድ መብላት ጀምሯል። ሌሊት ተነስቶ ሩዝና እንቁላል ይበላል። እሳቸው ግን የሚያስጨንቃቸው ክብደቱ አይደለም፤ ጭንቅላቱ ነው። በ2017 የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከመረመሯቸው 111 የቀድሞ የኤንኤፍኤል ተጫዋቾች አእምሮ ውስጥ 110ሩ ላይ በተደጋጋሚ ምት የሚመጣው በሽታ መገኘቱን አንብበዋል። እናንተ ስለ ሳክ ስታወሩ እኔ ስለ ልጄ አስባለሁ አሉ።

ከርዕሱ የወጣ የመሰላቸው ነበሩ። እኔ እንደዚያ አላየሁትም። 95 ኪሎ ሆኖ ከ140 ኪሎ ሰው ጋር በየደቂቃው የሚጋጨው ያው ትንሹ ልጅ ነው።

መልስ 16 እና 17

16ኛው በትሕትና አንድ ነገር ጨመረ። የተመረመሩት አእምሮዎች በቤተሰብ የተለገሱ ናቸው። በሕይወት እያሉ ምልክት የታየባቸው ሰዎች ቤተሰብ የበለጠ ይለግሳል። ስለዚህ ከ111ዱ 110 ማለት ከተጫዋቾች ሁሉ ያን ያህሉ ታማሚ ነው ማለት አይደለም። አደጋው ግን እውነተኛ ነው አለ።

17ኛው የሁለት ተጫዋቾች አባት ናቸው። እናትየውን እኅቴ ብለው ጀመሩ። ልጁ ክብደት የሚጨምረው በጤና ባለሙያ ምክር ካልሆነ በቀር እንዲያቆም መከሩ። በተለይ ለአጭር ልጅ አንገቱን ቀና አድርጎ መግባት የሞት ሽረት ጉዳይ ነው፤ ዝቅ በል ሲባል ጭንቅላቱን የሚያስቀድም ብዙ ልጅ አለ። አሰልጣኙ ይህን ያስተምር እንደሆነ ሄደው ይዩ አሏቸው። እናትየው አመስግነው እንደሚሄዱ ጻፉ።

መልስ 18

ወደ ዱመርቪል የተመለሰ ሰው የፋክሱን ታሪክ አወጋ። በ2013 ዱመርቪል ደመወዙን ከ12 ሚሊዮን ወደ 8 ሚሊዮን ዶላር ዝቅ ለማድረግ ከዴንቨር ጋር ተስማማ። የተፈረመው ወረቀት በፋክስ የደረሰው ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ነው። ቡድኑ 12 ሚሊዮኑን ላለመክፈል አሰናበተው። ወደ ባልቲሞር ሄደ። በ2014 ለሬቨንስ 17 ሳክ አግኝቶ የቡድኑን ሪከርድ ያዘ። ከጉዳያችን ጋር አይገናኝም፤ ግን ሁሉም ወደደው።

መልስ 19

ይኼ መልስ ክርክሬን ከእኔ በተሻለ አስረዳልኝ። ሃሰን ሬዲክን አነሳ። 1 ሜትር ከ85፣ 109 ኪሎ አካባቢ። በ2017 አሪዞና በ13ኛ ተራ መረጠው። ለጫፍ ያንሳል ብለው መሃል ላይ ከመስመሩ ኋላ የሚቆም ተከላካይ (ላይንባከር) አደረጉት። ሦስት ዓመት ባከነ። በ2020 የጫፉ ተጫዋች ቻንድለር ጆንስ ሲጎዳ ወደ ጫፍ መለሱት። 12.5 ሳክ። ከእነዚህ አምስቱ በአንድ ጨዋታ ጃይንትስ ላይ የተገኙ ናቸው። በማግስቱ ዓመት ካሮላይና ሄዶ 11፣ ከዚያ ፊላዴልፊያ ሄዶ በ2022 16 አገኘ። ቁመቱ አንድ ኢንች አልጨመረም።

መልስ 20

5ኛው ጸሐፊ ተመልሶ መጣ፤ አሁን ለስለስ ብሏል። ሬዲክን ተቀበለ። በምትኩ ብራይስ ሃፍን አቀረበ። ሃፍ ሳይመረጥ ገብቶ በ2023 ለጄትስ 10 ሳክ አገኘ። እዚያ ሥራው በአብዛኛው ኳስ በሚወረወርበት ሰዓት ገብቶ ማሳደድ ነበር። ፊላዴልፊያ የሦስት ዓመት 51 ሚሊዮን ዶላር ውል ሰጠችው። ሩጫ እንዲጠብቅም፣ ወደ ኋላ እንዲሸሽም ተጠየቀ። በ2024 2.5 ሳክ ብቻ። እንግዲህ ቁመት ሳይሆን ሥራ ነው ካልን፣ በሁሉም ሰዓት መሰለፍ የማይችል ሰው ያን ያህል ገንዘብ ይገባዋል ወይ ብሎ ጠየቀ። መልሴ እንዲህ ነበር። ይገባዋል፤ ከፋዩ የገዛውን ሰው እንደ ገዛው ካሠራው። ጨዋታ የሚወሰነው ብዙ ጊዜ በእነዚያ ጥቂት የመወርወሪያ ሰዓቶች ነው።

መልስ 21 እና 22

21ኛው ፓስ ረሸሩን ማይካ ፓርሰንስን አመጣ። ዳላስ በነሐሴ 2025 ወደ ግሪን ቤይ ሲሸጠው ከሁለት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎች ጋር የተቀበለው የመሃል ተከላካዩን ኬኒ ክላርክን ነው። ፓርሰንስ 111 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ክላርክ 142። የዳላሱ ባለቤት ጄሪ ጆንስ ሩጫ ማቆም እንዳለባቸው አስረድቷል። ይኼው የ10ኛው መልስ ክርክር ነው። 22ኛው የዳላስ ደጋፊ ሲሆን በንዴት ብዙ ጻፈ። ሰውየውን ይቅርታ ልናደርግለት ይገባል፤ ቁስሉ ገና ነው።

መልስ 23 እና 24

23ኛው ዛሬስ እንዲህ ዓይነት ልጅ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። የመጀመሪያው የዴንቨር ወንድም በ24ኛው መለሰለት። ኒክ ቦኒቶ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ90 ስለሆነ አጭር አይባልም፤ ግን 109 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። በ2024 13.5 ሳክ አገኘ። በዚያ ዓመት ዴንቨር 63 ሳክ አስመዝግቦ ሊጉን መርቷል። ቦኒቶን ጫፍ ላይ የለቀቁት መሃል ላይ እንደ ዛክ አለን ያሉ ከበድ ያሉ ሰዎች ስለነበሩ ነው አለ። ልክ በ12ኛው መልስ እንደተባለው።

ከዚያ ማናችንም ያላሰብነውን ጨመረ። ዴንቨር ቦኒቶን የመረጠበት የ2022 64ኛ ተራ ከሎስ አንጀለስ ራምስ የመጣ ነው። የተገኘውም በ2021 ቮን ሚለርን ለራምስ አሳልፎ በመስጠት ነው። ሚለርም በ113 ኪሎ ገደማ ክብደቱ የሱፐር ቦውል 50 ምርጥ ተጫዋች የሆነ ፓስ ረሸር ነው። በዚያ ጨዋታ የተቃራኒውን ኳርተርባክ ካም ኒውተንን ሁለት ጊዜ ኳስ አስጥሎታል። ዴንቨር የቀለለውን ሰው ሰጥቶ ከእሱም የቀለለ ሰው ተቀበለ።